የመሮ ስለት ስንት ዲግሪ ይሁን?



የዛሬው ንግግራችን ስለ መሮ ነው። መሮን ታውቁታላችሁ። በአንድ ጫፉ ስለት፣ በሌላው ጫፉ እጀታ ያለው፣ አናጢ እንጨት የሚፈለፍልበት ብረት ነው። ታሪክ ሲባል የብዙ ሰው ሐሳብ ወደ ንጉሥና ወደ ጦርነት ይሄዳል። ነገር ግን አሁን የተቀመጣችሁበት ወንበርም ታሪክ አለው። እስቲ ጎንበስ ብላችሁ እዩት። እግሩ ከመቀመጫው ጋር በምን ተያያዘ? በምስማር ብቻ ከሆነ ከጊዜ በኋላ ይወላልቃል። ደህና አናጢ የሠራው ከሆነ ግን ከአንዱ እንጨት ጫፍ እንደ ምላስ ያለ ነገር ወጥቷል፤ በሌላው እንጨት ላይ ደግሞ ቀዳዳ ተፈልፍሏል። ምላሱ ቀዳዳው ውስጥ ጥብቅ ብሎ ገብቷል። ቀዳዳውን የፈለፈለው መሮ ነው።

እንጨቱ ለስላሳ ከሆነ ነገሩ ቀላል ነው። እንጨቱ ወይራ ከሆነስ? ጥቁር እንጨት ከሆነስ? ትናንት የተሳለ መሮ ዛሬ ይሸራረፋል፤ እንደ መጋዝ ጥርስ ያወጣል። አናጢው ሥራውን ያቆማል፤ እንደገና ይስላል። በሳለው ቁጥር ብረቱ ያልቃል፤ ቀኑም ያልቃል። መሮ ደግሞ በገንዘብ የሚገዛ ነገር ነው። ስለዚህ ጥያቄው የአናጢው እንጀራ ጥያቄ ነው፤ ጠንካራ እንጨት የሚፈለፍል መሮ ስለቱ ምን ያህል ቀጭን፣ ምን ያህል ወፍራም ይሁን? ይህን ጥያቄ ሰዎች ስንት ሺህ ዓመት ሲመልሱት እንደ ኖሩ ነው የምነግራችሁ።

መጀመሪያ አንድ ነገር እንግባባ። መሮ ሽብልቅ ነው። ምላጭም፣ ምሳርም፣ ቢላዋም ሁሉም ሽብልቅ ናቸው። የሚለያዩት በውፍረታቸው ነው። ምላጭ ጢም ይላጫል፤ ማገዶ ግን አይፈልጥም። ምሳር ማገዶ ይፈልጣል፤ ጢም ግን አይላጭም። ስለት ቀጭን ሲሆን በቀላሉ ይገባል፤ ነገር ግን ቶሎ ይሰበራል። ወፍራም ሲሆን ይበረታል፤ ነገር ግን ቆርጦ በመግባት ፈንታ እንጨቱን ይጨፈልቃል። ሁለቱን አንድ ላይ ማግኘት አይቻልም። አንዱን ስትጨምሩ ሌላው ይቀንሳል። በገበያ እንደሚደረግ ድርድር ነው፤ ተደራዳሪዎቹ እንጨቱና ብረቱ ናቸው።

ይህ ውፍረት የሚለካው በዲግሪ ነው። ዲግሪ የማዕዘን መለኪያ ነው። ፕሮትራክተር የሚባለው መሣሪያ ባይኖራችሁም አታስቡ። አንድ ደብተር ወረቀት አንሱ። የወረቀቱ ማዕዘን 90 ዲግሪ ነው። ያን ማዕዘን እኩል ለሁለት ብታጥፉት 45 ዲግሪ ይሆናል። እኩል ለሦስት ብታጥፉት ደግሞ 30 ዲግሪ ይሆናል። ለሦስት ማጠፉ ትንሽ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ እጥፋቶቹ ልክ አንዱ ባንዱ ላይ እስኪያርፉ ድረስ ወዲያና ወዲህ ማለት ነው። እኛ በመምህራን ማሠልጠኛ ለልጆች ማስተማሪያ ብለን የተማርነው ዘዴ ነበር፤ ለአናጢም ያገለግላል። ይህችን የታጠፈች ወረቀት አስቀምጧት፤ በኋላ እንፈልጋታለን።

አሁን ወደ ጥንቱ እንሂድ።

በጀርመን አገር ላይፕዚግ በምትባል ከተማ አካባቢ የጥንት የውኃ ጉድጓዶች ተቆፍረው ወጥተዋል። የጉድጓዶቹ ውስጥ ግድግዳ ኦክ ከሚባል ጠንካራ ዛፍ በተፈለጡ እንጨቶች የተሠራ ነው። የዛፎቹ የዕድሜ ቀለበት ተቆጥሮ የተቆረጡበት ዘመን ታውቋል፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ5200 እስከ 5100 ዓመት ገደማ ነው። የጥናቱ ውጤት በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2012 ታትሟል። ዛሬ ላይ ሆነን ስንቆጥር ከሰባት ሺህ ዓመት በላይ መሆኑ ነው። አስገራሚው ዕድሜው ብቻ አይደለም። እንጨቶቹ በምላስና በቀዳዳ የተያያዙ ናቸው። አንዳንዱ ምላስ ቀዳዳውን አልፎ በወዲያ በኩል ይወጣል፤ እንዳይመለስም ሽብልቅ ተመትቶበታል። ዛሬ አንድ አናጢ አልጋ ሲሠራ የሚያደርገውን ማለት ነው!

በዚያ ዘመን በዚያ አገር የብረት መሣሪያ አልነበረም። መዳብ እንኳ ገና ነበር። የነበረው በሌላ ድንጋይ ላይ ታሽቶ የተሳለ የድንጋይ ስለት ነው። ድንጋይ ጠንካራ ነው፤ ነገር ግን ተሰባሪ ነው። ድንጋይ እንደ ምላጭ ቢያቀጥኑት በመጀመሪያው ምት ይሰበራል። ስለዚህ የድንጋይ ስለት የግድ ወፍራም ነው። በወፍራም ስለት ጠንካራ እንጨት መፈልፈል ጊዜ ይፈጃል። ቢሆንም ተችሏል። ብዙ ሰው ሥልጣኔ ከብረት ይጀምራል ሲል እሰማለሁ፤ የላይፕዚግ ጉድጓዶች ግን አይደለም ይላሉ።

ከድንጋይ ቀጥሎ መዳብ መጣ። እዚህ ላይ የግብፅን አናጢዎች ማንሳት ይገባል። መዳብ ከድንጋይ በተቃራኒው ነው። አይሰበርም፤ ነገር ግን ለስላሳ ስለሆነ ይታጠፋል። ቀጭን አድርጋችሁ ብትስሉት ጠንካራ እንጨት ላይ ጫፉ እንደ ቅጠል ይጠቀለላል። ግብፆች መፍትሔ ነበራቸው። መዳቡን ሳያግሉ፣ በብርዱ፣ በመዶሻ ይቀጠቅጡት ነበር። መዳብ በብርዱ ሲቀጠቀጥ ይጠነክራል። በኋላም መዳብን ከቆርቆሮ ማዕድን ጋር አቅልጠው ነሐስ አገኙ፤ ነሐስ ከመዳብ ይበረታል። ቴብስ በተባለችው ከተማ ሬክሚሬ የሚባል ሹም መቃብር አለ፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1450 ዓመት አካባቢ የተሠራ ነው። በግድግዳው ላይ አናጢዎች በሥራ ላይ ሆነው ተሥለዋል። መሮ በእንጨት መዶሻ ሲመቱ ታዩአቸዋላችሁ። አሠራራቸው ከሰፈራችን አናጢ ብዙም አይለይም።

በ1922 በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተከፈተው የንጉሥ ቱታንኻሙን መቃብር ውስጥ ንጉሡ ልጅ ሳለ የተቀመጠበት ትንሽ ወንበር ተገኝቷል። የተሠራው ከዞጲ ነው። ዞጲ ጥቁርና እጅግ ጠንካራ እንጨት ነው፤ ወደ ግብፅ ይሄድ የነበረው ከደቡብ፣ ከእኛው ከአፍሪካ መሐል ነው። ንግሥት ሐትሼፕሱት ፑንት ወደሚባለው አገር የላከቻቸው መርከቦች ካመጧቸው ዕቃዎች መካከል ዞጲ እንደነበረበት በቤተ መቅደሷ ግድግዳ ላይ ተቀርጿል። እንግዲህ አስቡት፤ ብረት የሚያስቸግረውን እንጨት በነሐስ መሮ! ሥራው የተቻለው ስለቱን ደጋግመው በመሳል፣ በአንድ ምት ጥቂት ጥቂት በማንሳት ነው። ብረታችሁ ሲደክም ትዕግሥታችሁ ይበርታ ማለት ነው።

ብረት ሲመጣ ብዙ ነገር ተለወጠ። ወደ አገራችን ልመለስ። የደብረ ዳሞን ቤተ ክርስቲያን ያያችሁ፣ ወይም በላሊበላ አቅራቢያ በዋሻ ውስጥ የተሠራውን የይምርሐነ ክርስቶስን ቤተ ክርስቲያን የተሳለማችሁ ታውቃላችሁ፤ ግድግዳው አንድ ረድፍ ድንጋይ፣ አንድ ረድፍ እንጨት ነው። በደብረ ዳሞ አግዳሚዎቹን እንጨቶች አጫጭር ግንዶች ተሻግረው ይይዟቸዋል። የግንዶቹ ጫፍ ከግድግዳው ወደ ውጭ ብቅ ይላል። ይህን ጫፍ የዝንጀሮ ራስ ይሉታል። የአክሱም ሰዎች ይህን የእንጨት ሥራ ከመውደዳቸው የተነሣ በድንጋይ ሐውልት ላይ ሳይቀር ቀርጸውታል። በ1937 ወደ ሮም ተወስዶ በ2005 የተመለሰው፣ በ2008 በቦታው የቆመው የአክሱም ሐውልት (ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ላዩ ላይ የእንጨት ጫፎች በድንጋይ ተመስለው ይታያሉ። ሐውልቱ 24 ሜትር ገደማ ነው። ያ ሁሉ ድንጋይ የአናጢን ሥራ ያስመስላል።

ታዲያ የእነዚህ አናጢዎች መሮ በምን ማዕዘን ይሳል ነበር? ዕውቀቱ በእጅ ነበር። አባት ልጁን፣ ጌታው ደቀ መዝሙሩን "እንዲህ ያዘው፤ ትንሽ ቀና አድርገው፤ ይበቃል" እያለ ያስተምራል። ቁጥር የለም፤ ወረቀትም የለም። በአገራችን ደግሞ ሌላ ችግር ነበረበት። መሮውን የሚሠራው ቀጥቃጭ በሥራው ይሰደብ ነበር። የሚሰደብን ሰው ዕውቀት ማን በብራና ይጽፋል? ጸሐፊው ብረት አይነካም፤ ቀጥቃጩ ብዕር አይዝም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከ ማውጣት የደረሱት ነገሩ ሥር የሰደደ ስለነበረ ነው። በእኔ አስተያየት በዚህ የጠፋብን ዕውቀት ቀላል አይደለም።

በሌላውም አገር ቢሆን የእጅ ሥራ ቶሎ ወረቀት ላይ አልወጣም። ከቀደሙት አንዱ ጆሴፍ ሞክሰን የሚባል እንግሊዛዊ ነው። ሞክሰን በሎንዶን ከተማ መጽሐፍ አታሚ፣ ካርታና የመሬት ሉል ሠሪ ነበር። በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1677 ጀምሮ የቀጥቃጩን፣ የአናጢውን፣ የሌላውንም ባለ እጅ ሥራ በትንንሽ ክፍል እያተመ ይሸጥ ጀመር። ስለ መሣሪያ አሳሳል በጻፈበት ቦታ ላይ ቁጥር አኖረ። ለለስላሳ እንጨት 12 ዲግሪ፣ ለጠንካራ እንጨት 18 ዲግሪ አለ። ምክንያቱንም ጨመረ፤ ስለቱ ሲሾል አቆራረጡ ያምራል፣ ሲወፍር ግን ለሥራ ይበረታል ብሎ።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ምክንያቱ ከላይ የተነጋገርነው ያው ድርድር ነው። ቁጥሮቹ ግን ዛሬ አናጢዎች ከሚጠቀሙበት በጣም ያነሱ ናቸው። ዛሬ አንድ አናጢ ለጠንካራ እንጨት የሚፈለፍልበትን መሮ በ18 ዲግሪ ስሎ በመዶሻ ቢመታው ስለቱ ብዙ አይቆይም። ታዲያ የታተመ ነገር ሁሉ እንዳለ ይወሰዳል ወይ? አይወሰድም። አዲስ አንባቢ የሆናችሁ ወገኖች ይህን ልብ በሉልኝ። ሞክሰን የጻፈው በአሳዩ ድንጋይ ስለሚወጣው ተዳፋት ነው። ከዚያ በኋላ ጫፉ በልስልስ ድንጋይ ሲሳል እጅ ቀና ይላል፤ የጫፉ ማዕዘን ከዚያ ይበልጣል። ደግሞም በእጅ ተገፍቶ የሚልግ ስለትና በመዶሻ የሚመታ ስለት አንድ አይደሉም። ቁጥር ስታነቡ "የምን ስለት? በምን እንጨት? በምን ብረት?" ብላችሁ ጠይቁ።

ስለ ብረቱ ካነሳን፣ ንጹሕ ብረት ለስላሳ ነው። ስለት የሚይዘው አረብ ብረት ነው፤ ይህም ትንሽ ካርቦን ያለበት ብረት ነው። በድሮ ዘመን አረብ ብረት ውድ ስለነበረ ቀጥቃጮች የመሮውን አካል ከተራ ብረት ሠርተው በስለቱ በኩል ብቻ ቀጭን አረብ ብረት ይለጥፉ ነበር። አረብ ብረት ግሎ ውኃ ውስጥ ሲነከር እንደ መስታወት ይጠነክራል፤ እንደ መስታወትም ይሰበራል። ስለዚህ እንደገና በመጠኑ ያሞቁታል። በጸዳው ብረት ላይ ቀለም ይወጣል። የገለባ ቀለም ሲመስል 230 ዲግሪ ሙቀት ገደማ ነው፤ ለመሮ ጥሩ ነው። ሰማያዊ ሲሆን ወደ 300 ደርሷል፤ ያኔ ለመሮ ለስልሷል። (ይህ ዲግሪ የሙቀት እንጂ የማዕዘን አይደለም፤ አታምታቱት።) በ1740 ገደማ ቤንጃሚን ሀንትስማን የሚባል የሰዓት ሠሪ በሼፊልድ ከተማ አጠገብ አረብ ብረትን በሸክላ ማቅለጫ ውስጥ ፈጽሞ አቅልጦ አንድ ወጥ ማድረግ ቻለ። ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት የሆነ ብረት ተገኘ። የሼፊልድ ቢላዋ ሠሪዎች በመጀመሪያ በጣም ጠነከረብን ብለው እምቢ አሉት፤ ፈረንሳዮች ግን ገዙት ይባላል። በኋላ ሼፊልድም ተቀበለው።

አሁን ወደ እናንተ መሮ እንምጣ። እኔ አስተማሪ እንጂ አናጢ አይደለሁም፤ ይሁን እንጂ አናጢዎች የተስማሙበትን ልንገራችሁ። በእጅ ብቻ እየገፋችሁ የምላሱን ጎን የምታስተካክሉበት መሮ ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ይበቃዋል። ለሁሉም ሥራ የምትይዙት መሮ ከ25 እስከ 30 ይሁን። በጠንካራ እንጨት ላይ በመዶሻ እየመታችሁ ቀዳዳ የምትፈለፍሉበት ግን ከ30 እስከ 35 ዲግሪ ይፈልጋል። ለምን? ምቱ ብቻ ስላልሆነ ነው። ቀዳዳው ውስጥ ያለውን ስንጣሪ ለማውጣት መሮውን እንደ ዲጅኖ ትሰብቁታላችሁ። ቀጭን ስለት የሚሸረፈው አብዛኛውን ጊዜ በሚመታበት ሰዓት ሳይሆን በሚሰበቅበት ሰዓት ነው።

ማዕዘኑን ለመለካት ያችን የታጠፈች ወረቀት አውጡ። የመሮውን ጎን በ30 ዲግሪዋ ላይ አድርጋችሁ አስተያዩ። ሌላም መንገድ አለ። የስለቱን ተዳፋት ርዝመት ከመሮው ውፍረት ጋር አመዛዝኑ። ተዳፋቱ የውፍረቱ ሁለት እጥፍ ከሆነ ልክ 30 ዲግሪ ነው። መሮው 6 ሚሊ ሜትር ውፍረት ካለው፣ ተዳፋቱ 12 ሚሊ ሜትር ሲሆን 30 ዲግሪ ነው፤ 14 ሲሆን 25 ዲግሪ ገደማ ነው፤ 10 ተኩል ሲሆን 35 ገደማ ነው። የሞክሰን 12 ዲግሪ ቢሆን 29 ሚሊ ሜትር የሚያህል ረጅም ተዳፋት ይወጣው ነበር። በማስመሪያ ብቻ ይህን ሁሉ ማወቅ ይቻላል።

ብረትና ጊዜ የሚያድን ዘዴም አለ። ተዳፋቱን በሙሉ በ25 ዲግሪ ሳሉት። ከዚያ እጃችሁን ትንሽ ቀና አድርጋችሁ ጫፉን ብቻ፣ የፀጉር ያህል ስፋት፣ በ30 ወይም በ35 ሳሉት። እንጨቱን የሚገጥመው ጫፉ ነው። በሚቀጥለው ጊዜ ያችን ጠባብ ጫፍ ብቻ ትስላላችሁ። በሞተር ድንጋይ የምትስሉ ደግሞ ብረቱን ቶሎ ቶሎ ውኃ ውስጥ ንከሩት። ጫፉ ሰማያዊ ከሆነ ጥንካሬው ሄዷል፤ ያኔ የትኛውም ማዕዘን አያድነውም።

ከዚያ ወዲያ መሮው ራሱ ይነግራችኋል። ስለቱ ከተሸራረፈ ሁለት ዲግሪ ያህል ጨምሩ። ሳይሸራረፍ ቶሎ ከዶለዶመ ብረቱ ለስላሳ ሊሆን ይችላል። ስለቱ ደህና ሆኖ እያለ አልገባ ካለና የቀዳዳውን ጠርዝ ከጨፈለቀ ደግሞ ቀንሱ። እንጨቱንም እዩ። ደረቅ ወይራ ከእርጥቡ ይብሳል፤ በአውሮፓ የጥንት ቤት ሠሪዎች ኦክን እርጥብ ሳለ መፈልፈል የወደዱት ያለ ምክንያት አልነበረም። ዋንዛ ግን ደርቆም ቢሆን አያስቸግርም፤ ለእርሱ 25 ይበቃል።

አንድ ደብተር ግዙና ሦስት መስመር አስምሩ። በመጀመሪያው የእንጨቱን ስም፣ በሁለተኛው ዲግሪውን፣ በሦስተኛው መሮው ሳይሳል ስንት ቀዳዳ እንደፈለፈለ ጻፉ። ወይራ፣ 30፣ ሦስት ቀዳዳ። ወይራ፣ 34፣ ሰባት ቀዳዳ። የእናንተ ቁጥር ከዚህ ይለያል፤ እኔ ያኖርኩት አጻጻፉን ለማሳየት ነው። መሮዎቻችሁ ብዙ ከሆኑ ደግሞ ዲግሪውን በእጀታው ላይ በጋለ ምስማር ተኩሳችሁ ጻፉበት፤ ልጃችሁ ወይም ረዳታችሁ ሲያነሳው የቱ ለወይራ፣ የቱ ለዋንዛ እንደሆነ አንብቦ ያውቃል።